ቆስጣዬ የወፈረበት ምስጢር

እናንተዬ፣ እኔ አንድ ነገር ካልገባኝ ምግብ አይበላልኝም። ብሎካችን ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ ግድግዳ ላይ የሚያልቅ ደረጃ አለ። ወዴት ሊያደርስ ታስቦ እንደተሠራ ለማወቅ ብቻ ሦስት ቢሮ ተመላልሻለሁ። በሦስተኛው ቢሮ «አባቴ፣ ሌላ ሥራ የለዎትም?» ተብዬ ተመለስኩ። ሚስቴ መሠረት ይህን ጠባዬን በሽታ ነው ትላለች። እኔ ግን መጠየቅ ያስደስተኛል፣ ምን ላድርግ።

ዘንድሮ ያልገባኝ ነገር ግን ደረጃ አልነበረም፤ ቆስጣ ነው። ያውም የራሴ ቆስጣ። ለምን እንደዚያ ወፈረ?

በሉ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የምኖረው ላፍቶ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። በብሎካችንና በአጥሩ መካከል አንድ ቀጭን ባዶ መሬት ነበረች። የግንበኛ ፍርስራሽ፣ ምንጩ ያልታወቀ ሶፋና ባለቤቱ ያልታወቀ ውሻ ሲኖሩባት ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቅዳሜ የወረዳው የግብርና ባለሙያ፣ ቦት ጫማ ያደረገች ፈጣን ልጅ፣ መጣችና ሰበሰበችን። «ይቺ መሬት እናንተን ታበላለች» አለች። ሶፋውን አየነው፤ ሶፋው ዝም አለ።

ቀጥላ ስለ አመጋገብ ጠየቀችን። «ሳህናችሁ ላይ ስንት ቀለም አለ?»

ጋሽ ወርቅነህ ተነሣ። ጋሽ ወርቅነህ ምድር ቤት ብቻውን የሚኖር ጡረተኛ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ድምፁ እስከ ዛሬ ተሳቢ ይጎትታል። «ቀይ ወጥ አለ፣ አልጫ አለ። ሁለት» አለ።

«አረንጓዴስ?»

«ቃሪያ።»

ልጅቷ ትዕግሥቷ የሚገርም ነው። ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣ እያለች አንድ በአንድ አስረዳችን። መትከል ብቻ ሳይሆን በትክክል አብስሎ መብላትም ትምህርት ነው አለች። ምርቱ ሲደርስ ሁላችንም የየራሳችንን ይዘን አንድ ቅዳሜ አብረን እንድንበላ ቃል አስገባችን። መደቡ ግን በምን ይከፋፈል? መሬት ነክ የሆነ ነገር በዕጣ ካልሆነ የኮንዶሚኒየም ሰው አያምንም። ቁጥር ተጻፈ፣ ኮፍያ ውስጥ ገባ፣ ሕፃን ተፈልጎ እንዲያወጣ ተደረገ። ለእኔ የወጣችው መደብ ቁጥር ዘጠኝ፣ አጥሩ ሥር፣ ፀሐይ ለሰላምታ ያህል ብቻ ብቅ የምትልባት፣ አፈሯ ጠጠር የሆነ ነበረች። ስምንት ቁጥር፣ ጎኔ ያለችው፣ ለጋሽ ወርቅነህ ደረሰች።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። በዚያው ሰሞን ከመሠረት ጋር ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ «ስኳርዎ ድንበሩ ላይ ነው። ገና አልያዘዎትም፤ ግን አትክልት ያብዙ፣ በእግርዎ ይሂዱ» ብሎኝ አሰናበተኝ። በቃ፣ ያለኝ ይኸው ነው። እኔ ግን የጠጠሯ ነገር ሲያንገበግበኝ ፀሐያማዋ መደብ የደረሳትን እኅት ማርታን ዕጣ እንድትቀይርልኝ ላባብላት አሰብኩ። ማርታ ከወላይታ የመጣች፣ ቤተ ክርስቲያኗ ኳየር ውስጥ የምትዘምር፣ ልቧ እንደ ቅቤ የሆነ የጴንጤ ልጅ ናት። ውኃ በፈረቃ ስትመጣ ጀሪካን ይዘን ተሰልፈን አገኘኋት።

«እኅት ማርታ፣» አልኳት፣ «ሐኪሙ ከእንግዲህ ያለኸው በቆስጣ ነው ብሎኛል።» ከዚያም በረዥሙ ተነፈስኩ።

ትንፋሿን የጨመርኳት እኔ ነኝ። ሐኪሙ አልተነፈሰም።

ማርታ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ጌታ ሆይ!» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ነገር ግን ባለሙያዋ ዕጣ መቀያየር ክልክል ነው ብላ ስለነበር ሐሳቤ አልሠራም። ተስፋ ቆርጬ ጠጠሬ ላይ ሃያ ችግኝ ቆስጣ ተከልኩ። እውነቱን ለመናገር ሁለቴ ውኃ አጠጣሁት። ከዚያ ረሳሁት።

ሁለት ወር አለፈ። የሌላው ሰው ቆስጣ ቀጫጭን ሆኖ ይንገዳገዳል። የእኔ አንዱ ቅጠል ብቻውን ድስት ይከድናል! ግንዱ አውራ ጣቴን ያህላል። ደግሞ ሃያ የተከልኩት ስቆጥረው ሃያ አራት ሆኗል። መቼም አታምኑኝም፣ ወለደ ብዬ አሰብኩ።

ሰው ምን ያህል ሞኝ ሊሆን እንደሚችል ልንገራችሁ። አባቴ ጸሐፊ፣ የአባቴ አባት ልብስ ሰፊ ነበሩ። በዘሬ ዶማ የጨበጠ ሰው የለም። እኔ ግን እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ በየመደቡ እየዞርኩ ምክር መስጠት ጀመርኩ። «ዋናው አፈሩን ማዳመጥ ነው» እላለሁ። ምን ማለት እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ሰዉም አከበረኝ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው እትዬ አበበች፣ ምንጣፏን በእኔ የታጠበ ልብስ ላይ ታራግፋለች ብዬ ተጣልቻት ሁለት ዓመት ሰላም አንባባልም ነበር። አንድ ቀን በሬን አንኳኳች። «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። እኔም ይቅር ብዬሃለሁ» ብላ አገላብጣ ሳመችኝና እያለቀሰች ሄደች። ኃይሌ ጋርመንት ታክሲ ስጠብቅ ሰልፉ ላይ ያሉ ጎረቤቶቼ ገፍተው ፊት አስቀደሙኝ። ደረጃ ላይ ጀሪካን የያዝኩ እንደሆነ ከእጄ ይነጠቃል። የዕድራችን ጸሐፊ ደግሞ መንገድ ላይ አስቆመኝና «ክፍለ ሀገር ያሉ ዘመዶችህ ስልካቸው እኛ ጋ አለ ወይ?» አለኝ። ለቅዳሜው ድግስ ሊጠሩልኝ መስሎኝ ሁሉንም ሰጠሁት። የደሴዋን አክስቴን ቁጥር አንዷን አኃዝ ተሳስቶ ሲጽፍ እንኳ እኔው አረምኩት።

ያላከበረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጋሽ ወርቅነህ። ጠዋት ጠዋት በስምንትና በዘጠኝ ቁጥር መካከል ቆሞ ግራ ቀኝ ያያል።

«ይሄ ነገር ንጹሕ አይደለም» ይላል።

«ጋሼ፣ አፈሩን አዳምጠው።»

«አፈሩ ምንም አላለኝም! ዕጣው ይደገም!»

ድግሱ አንድ ሳምንት ሲቀረው ግን ደረቴን የሚወጋ ነገር ተናገረ። «ይሄኔ ከሥርህ የፍሳሽ ቱቦ ፈንድቷል። ቅዳሜ ሕዝቡን የምታበላው እሱን ነው!» አለኝ።

ወይ ጉድ! ለካ ለምን እንደወፈረ እኔም አላውቅም! ይህን ሁሉ ጊዜ ስፎክር አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ያ ሁሉ የመጠየቅ ሱሴ የት ገባ? ሰው ራሱ ላይ መልካም ነገር ሲደርስ ለምን ብሎ አይጠይቅም መሰለኝ። ቆስጣዬ የድግሱ ዋና ምግብ ነው። ሕፃናት ሊበሉት ነው። እኔስ በየቀኑ ስበላው አይደል የከረምኩት? ሮጬ ዶማ አመጣሁና ሁለታችን ቆፈርን።

ቱቦ የለም። ግን ጠጠሩም የለም! እጄ እስከ ክርን የሚገባበት ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ፍግ የጠገበ አፈር ነው ያለው።

«ይሄን ፍግ ማነው ያመጣው?» አልኩ።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ባለመሬቱ አንተ!»

በማግስቱ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ ጋቢያችንን ለብሰን ያ የትም የማያደርሰው ደረጃ ላይ ቁጭ አልን። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ለካ መደቦቹን ቁልጭ አድርጋ ታሳያለች። ሦስት ቢሮ ያልነገረኝን አገልግሎቱን አገኘሁት ማለት ነው።

መጀመሪያ ብቅ ያሉት አባባ ቱሉ ናቸው። አባባ ቱሉ ከአጥሩ ጀርባ ነው ቤታቸው። ዛሬ ብሎካችን የቆመበት የአባታቸው የጤፍ ማሳ ነበር፤ አሁን ሦስት ላሞች አሏቸው፣ ልጆቻቸው አሸዋ ያመላልሳሉ። ከትከሻቸው ጆንያ አወረዱ፣ ፍጉን በእጃቸው እያደቀቁ ቆስጣዬ ሥር በተኑት፣ ግራ ቀኝ ተገላምጠው ሄዱ።

«አየህልኝ?» አለ ጋሽ ወርቅነህ በሹክሹክታ፣ ማለትም እሱ ሹክሹክታ በሚለው። «እኔ አንድ አካፋ ስለምናቸው አልቋል ያሉኝ ሰውዬ!»

ቀጥላ እትዬ አበበች በነጠላዋ ተከናንባ መጣች። ከብስራተ ገብርኤል የቀዳችውን ጠበል ይዛለች። እያማተበች ቆስጣዬን አንድ በአንድ ረጨችው። እሷ እንደሄደች ማርታ መጣች። ከራሷ መደብ፣ ከዚያች ፀሐያማ መደብ፣ የወፈረውን ቆስጣ ከነአፈሩ ነቅላ እኔ መደብ ላይ ተከለችው። ሃያ አራት የሆነበት ምክንያት ገባኝ። ከዚያ ተንበርክካ ዓይኗን ጨፍና መጸለይ ጀመረች።

ጋሽ ወርቅነህ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለም። መስኮቷ ላይ አፉን ደግኖ ባለ በሌለ ድምፁ «ማርታ!» አለ።

ማርታ ዓይኗን ሳትገልጥ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «አቤት ጌታ!»

«ኧረ ወርቅነህ ነኝ!»

እየተንደረደርን ወረድን። ማርታ ጭቃ የነካ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ትደብቃለች። «የራስሽን እየነቀልሽ ለምን ለዚህ ሰውዬ ትተክያለሽ?» አለ ጋሽ ወርቅነህ። እሷ እኔን አየችኝ፣ እሱን ሦስት እርምጃ ያህል ፈቀቅ አደረገችው። በዚያ ጸጥታ ሦስት እርምጃ ምንም አይደለም፤ ሁሉንም ሰማሁ።

«ጋሼ፣ እባክዎ እንዳይነግሩት። ሐኪሞቹ ጨርሰውበታል። ያለው በቆስጣ ነው። እሱ አያውቅም።»

እሱ አያውቅም! የነገርኳት እኔ!

ኋላ እንዳጣራሁት ወሬው ደረጃ በወጣ ቁጥር እየከበደ ሄዷል። አንደኛ ፎቅ ላይ በጠና ታምሜ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ስድስት ወር ሰጡኝ። ሦስተኛ ፎቅ እትዬ አበበች ጋ ሲደርስ ወሩ ወደ ሳምንት ወረደ። ሰዉ ሁሉ እንዳልደነግጥ ሊደብቀኝ ተማማለ። ከብሎካችን ሁለት ሰው ብቻ ያልገባበት የቴሌግራም ግሩፕም ተከፍቶልኛል። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላው ጋሽ ወርቅነህ ነው፤ አንድም ስልኩ ባለ ቁልፍ ነው፣ ሁለትም አፉ አይዘጋም።

እዚህ ላይ መሳቅ ነበረብኝ። ሐኪሙ ያለኝን እኔው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን እናንተዬ፣ መጠራጠር ጀመርኩ። እኛ አገር ክፉ ወሬ ለባለቤቱ መቼ ይነገራል? አጎቴ የሞተ ጊዜ «ትንሽ አሞታልና ና» ተብዬ ነው የሄድኩት፤ እውነቱን የነገረኝ ድንኳኑ ነው። ለታማሚው ጉንፋን ነው ይባላል፣ ቤተሰቡ ኮሪደር ላይ ይጠራል። ያን ቀን ደግሞ ሐኪሙ እኔን አስወጥቶ መሠረትን ለብቻዋ አነጋግሯት ነበር! የዕድሩ ጸሐፊ ጥያቄ ያኔ ገባኝ። የደሴን ቁጥር አስተካክዬ የሰጠሁት እኔው ነኝ።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። መሠረት ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«መሠረት፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያን ቀን ሐኪሙ ለብቻሽ ምን አለሽ?»

ቢላዋው ቆመ። አቀረቀረች።

«ትናደዳለህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

«ንገሪኝ! እችለዋለሁ!»

«"ይሄ ሰውዬ ጥያቄ ያበዛል፤ እቤት እንዴት ነው የምትችይው?" ነው ያለኝ።»

በዚህም አልረካሁ። ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ሄጄ እንደገና ተመረመርኩ። ሐኪሙ ገና ሲያየኝ ዓይኑን ጨፈነ። ወረቀቱን ሲያነብ ግን ገለጠው። «ቀንሷል እኮ! ምን ሲበሉ ነበር?» አለኝ።

«የሰው ቆስጣ» አልኩት።

ቅዳሜ ደረሰ። ረዥም ጣውላ ተዘረጋ። ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ለብ ለብ የተደረገ ቆስጣ፣ ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ሰላጣ፤ ባለሙያዋ ቀለሞቹን እየቆጠረች ደስ አላት። እትዬ አበበች ብቻ ቆስጣዋን ከጠዋት ጀምራ ስትቀቅል ውላ ጥቁር አድርጋ አመጣችው። ሰዉ ሁሉ መጀመሪያ እኔን ነው የሚያጎርሰኝ፤ በየጉርሻው እንባ አለ። መደቦቻቸውን አየሁ። ቀጫጭን። ማርታ መደብ ላይ የተነቀለበት ቦታ ክፍት እንደሆነ ነው። ሰው ሁሉ ለእኔ ብሎ የራሱን አስርቦ ኖሯል። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር? እውነት ለመናገር አስቤዋለሁ፤ ደግሞም መከበር ይጥማል። ግን ተነሣሁ።

«ወገኖቼ፣ አልሞትም» አልኩ።

ማርታ «ሃሌ ሉያ!» ብላ ዘለለች። እትዬ አበበች እልልታዋን አቀለጠችው። «ገብርኤል! ጠበሉ ሠራ!» ማርታ ጸሎቱ ነው አለች። አባባ ቱሉ ከጥግ «ፍጉስ?» አሉ።

«ኧረ ስሙኝ! ድሮውንም አልታመምኩም! መደብ ለመቀየር ብዬ ያጋነንኩት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩና ወረቀቴን ዘረጋሁላቸው።

«እኔ እንግዲህ በከንቱ ነው የታረቅኩህ?» አለች እትዬ አበበች።

አባባ ቱሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሳቁ። ማርታ ክፍት የቀረውን መደቧን አየች፣ ከዚያ እኔን። ትሳደባለች ብዬ ስጠብቅ «ጌታ ይመስገን። እርስዎ ብቻ ደኅና ይሁኑልን» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርኩ። እውነተኛ እፍረት፣ ፊት የሚያቃጥል።

«ታዲያ አሁን ፍጉን ለማን ላምጣ?» አሉ አባባ ቱሉ። «ላሞቹ እንደሆኑ አላቆሙም።»

«ለእኔ» አለ ጋሽ ወርቅነህ።

ሁላችንም ሳቅን። የለመድነው ጭቅጭቁ መስሎን። እሱ ግን አልሳቀም፤ ሳህኑን ነበር የሚያየው። ለካ ከዚያን ዕለት ጠዋት ጀምሮ ዕጣው ይደገም ሲል አልሰማሁትም።

«ስኳሩ ያለብኝ እኔ ነኝ» አለ። ድምፁን እንዲህ ዝቅ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። «አራት ዓመቴ። መርፌ እወጋለሁ።»

«ማን ያውቃል?» አልኩት።

«ሐኪሙና እኔ።»

«ለምን አትነግረንም፣ ጋሼ?»

«መጀመሪያ ከመኪናው እንዳያስወርዱኝ ነበር። ኋላ ደግሞ ጡረታ ወጣሁና...» ጣቶቹን ጣውላው ላይ አንቀሳቀሰ። «ለማን ብዬ ልጀምረው? አሁን እሱን እንዲህ ስትንከባከቡት ሳይ ጊዜ ግን፣ እውነቴን ነው፣ ቀናሁበት።»

እኔ ነገር መጠየቅ የምወደው ሰውዬ አራት ዓመት ሙሉ «ጋሼ፣ እንዴት ነህ?» ብዬው መልሱን ሳልጠብቅ ደረጃዬን ስወጣ ኖሬአለሁ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አልደበቅኩትም። በዚያ ገበታ ላይ የተንሾካሾከ ሰው አልነበረም፣ ፈቀቅ ብሎ የተጠራ ሰው አልነበረም። ባለሙያዋ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠችና መርፌው እንዳይቋረጥ፣ ምግቡ ደግሞ እንዲስተካከል ሁላችንም እየሰማን አወራችው። አባባ ቱሉ ሳህናቸውን ሳይጨርሱ ጆንያ ሊያመጡ ተነሡ። እትዬ አበበች ጀሪካኗን አነሣች። እኔ ከመደቤ የወፈሩትን ቆስጣዎች ከነሥራቸው እየፈነቀልኩ፣ ማርታ ስምንት ቁጥር ላይ ጉድጓድ እየቆፈረች ተያያዝነው።

ጋሽ ወርቅነህ ቆሞ ጥቂት አየን። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ ነገር ላስቸግራችሁ» አለ።

ሥራችንን ሁሉ አቁመን፣ ትንፋሻችንን ውጠን ዞርን። ምንም ቢጠይቀን ልናደርግለት ዝግጁ ነበርን።

«እኔ ቆስጣ አልወድም። ሰላጣ የለም?»